ቤቴ ያለ ፍርድ ቤት ለልጆቼ እንዲያልፍ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 68 ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቤታችንን ከባለቤቴ ጋር በፈረንጆቹ 1999 በ160,000 ዶላር ገዛን። እሱ ከአራት ዓመት በፊት አረፈ። ሁለት ልጆች እዚህ አሉኝ፤ ሦስተኛው የባለቤቴ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፣ ከወለድኳቸው ለይቼ አላየውም። ኑዛዜ የለኝም። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው እናቶች ‹ስትሞቺ ፍርድ ቤት እንዳይገባበት የትልቋን ልጅሽን ስም አሁኑኑ ዲዱ (የቤቱ የባለቤትነት ሰነድ) ላይ አስገቢ› ይሉኛል። ልክ ናቸው ወይ? እኔ የምፈልገው ቤቱ ለሦስቱም እኩል እንዲደርስ ነው።»

ምላሽ፦

እናቴ፣ አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምንዎ። ይህን አንብበው እስኪጨርሱ የማንንም ስም ዲዱ ላይ አያስገቡ። የመከሩዎት እናቶች ክፉ አላሰቡም፤ ፍርድ ቤት የሚለው ቃል አስፈርቷቸው ነው። እኔ ግን እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ የውርስ ጉዳይ ይዤ ስሠራ በፍርድ ቤቱ ከተጎዳው ይልቅ በዚህ ምክር የተጎዳ ቤተሰብ ነው የበዛብኝ። እርስዎ የሚፈልጉትን የሚያደርግ ሌላ ወረቀት አለ፤ እነግርዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ያልጠየቁኝ ነገር አለ፤ እሱ ካልጠራ የቀረው ሁሉ አይጸናም።

ለመሆኑ ዛሬ ቤቱ የማን ነው? «የኔ ነዋ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በ1999 የተፈረመውን ዲድ ያውጡና ከእርስዎና ከባለቤትዎ ስም ቀጥሎ የተጻፈውን ሐረግ ያንብቡት። «ቴናንትስ ባይ ዘ ኢንታየርቲ» ወይም «ራይት ኦፍ ሰርቫይቨርሺፕ» የሚል ካለ፣ ባለቤትዎ ባረፉበት ሰዓት ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ሆኗል። የሞት ምስክር ወረቀታቸውን መያዝ እንጂ ሌላ ጣጣ የለበትም። ሐረጉ ከሌለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ባልና ሚስት መሆን ብቻውን አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዲጠቀልል አያደርግም፤ ግማሽ ግማሽ ነበራችሁ ማለት ነው። ባለቤትዎ ኑዛዜ ካልተዉ ደግሞ የእሳቸው ግማሽ በሕጉ ተከፋፍሏል። የሟች ልጆች ሁሉ ከሚስቱ የተወለዱ ቢሆኑ ሁሉም ለሚስት ይሆን ነበር። ከሌላ የተወለደ ልጅ ካለ ግን ሚስት የምታገኘው አንድ ሦስተኛውን ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ለልጆቹ በሙሉ ይከፈላል። በእርስዎ ቤት ሲሰላ የራስዎ ግማሽና ከእሳቸው ግማሽ ላይ የሚደርስዎ አንድ ሦስተኛ ተደምሮ ከቤቱ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። ቀሪው አንድ ሦስተኛ አዲስ አበባ ያለውን ልጅ ጨምሮ ለሦስቱ ልጆች አንድ ዘጠነኛ አንድ ዘጠነኛ ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ እነሱ ሳይፈርሙ ቤቱን መሸጥ አይችሉም፤ ለማንም ማስተላለፍ የሚችሉትም የራስዎን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። በተረፈ አይስጉ፤ ባልና ሚስት በባንክ ብድር የገዙት ቤት ላይ ሐረጉ በብዛት ይገኛል። ሳያዩት ግን አይመኑ።

ዲዱ ቤት ውስጥ ከጠፋዎት ቅጂው መሬት በሚመዘገብበት በሰርኪት ኮርት፣ ማለትም በአካባቢው ፍርድ ቤት፣ በክለርኩ (በመዝገብ ሹሙ) ቢሮ ይገኛል። የትኛው ሰርኪት ኮርት? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ቤቶች፣ ለምሳሌ ሊንከኒያና ፍራንኮኒያ አካባቢ ያሉት፣ በእውነቱ ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። አሌክሳንድሪያ ከተማ ደግሞ የራሷ ፍርድ ቤትና የራሷ መዝገብ ያላት ናት። በየዓመቱ የሚመጣልዎትን የቤት ታክስ ወረቀት ይመልከቱ። ታክሱን የሚሰበስበው ፌርፋክስ ከሆነ መዝገብዎም ፌርፋክስ ነው። በተሳሳተው ቦታ የተመዘገበ ወረቀት እንዳልተመዘገበ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። ፕሮቤት ማለት ሟች የተወውን ንብረት በፍርድ ቤቱ ክለርክ በኩል አጣርቶ ለወራሽ ማስረከብ ነው። ኑዛዜ ካለ ይቀርባል፣ አስፈጻሚ ይሾማል፣ የንብረት ዝርዝር «ኮሚሽነር ኦፍ አካውንትስ» ለሚባለው ሹም ይሰጣል፣ ሒሳብ ይወራረዳል። ወራት ይፈጃል፤ ወራሾች ካልተስማሙ ከዚያም ያልፋል። ገንዘቡ ግን በቨርጂኒያ እንደሚወራው አይደለም። የስቴቱ የፕሮቤት ታክስ ከየ100 ዶላሩ 10 ሳንቲም ነው፤ ካውንቲው ወይም ከተማው የዚያን ሲሶ ይጨምርበታል። ቤትዎ ዛሬ 640,000 ዶላር ያወጣል ብንል ሁለቱ ተደምረው ወደ 853 ዶላር ይጠጋሉ። ካሊፎርኒያ የሚኖር ዘመድ የነገረዎትን ሰምተው ከሆነ እዚያ ያለው ሌላ ነው፤ በፕሮቤት የሚያልፍ ንብረት 1 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ከሆነ ሕጉ ለጠበቃ ብቻ እስከ 23,000 ዶላር ይፈቅዳል፣ ቤቱ ዕዳ ቢኖርበትም።

እንግዲህ እርስዎን ወረቀት እንዲያዘጋጁ የሚያስገድድዎ 853 ዶላሩ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ነው። ምንም ሳይጽፉ ቢያርፉ የቨርጂኒያ ሕግ ቤትዎን ለወለዷቸው ሁለት ልጆች ብቻ ነው የሚሰጠው። የእንጀራ ልጅ፣ በሕግ በጉዲፈቻ ካልተያዘ በቀር፣ የራስዎ ልጆች እያሉ ከእርስዎ ምንም አይወርስም። እናቱ ሆነው ቢኖሩለትም፣ የትምህርት ቤቱን እርስዎ ቢከፍሉለትም፣ ሕጉ ያንን አያይም። ስለዚህ «ለሦስቱም እኩል» ያሉት ቃል የሚፈጸመው በጽሑፍ ካዋሉት ብቻ ነው።

ለዚህ የሚሆነው ወረቀት «ትራንስፈር ኦን ዴዝ ዲድ» ይባላል፤ እኛ ቢሮ ውስጥ ቲኦዲ ዲድ ነው የምንለው። በአሜሪካ መጀመሪያ የፈቀደችው ሚዙሪ ናት፣ በ1989። ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ፈቅዳለች። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እኔ ስሞት ይህ ቤት ለእነ እገሌ ይተላለፍ ብለው ይጽፋሉ፣ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ይፈርማሉ፣ በሕይወት ሳሉ በክለርኩ ቢሮ ያስመዘግባሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞትዎ ድረስ ምንም አይለወጥም። ቤቱ የእርስዎ ነው። ቢፈልጉ ይሸጡታል፣ ያከራዩታል፣ ይበደሩበታል። ልጆቹን ማስፈቀድ ቀርቶ መንገርም ግዴታ የለብዎትም። ካውንቲው ለአረጋውያን የሚሰጠው የቤት ታክስ ቅናሽ ካለዎትም ባለቤትነቱ ከእጅዎ ስላልወጣ በዚህ ምክንያት አይነካም። ሐሳብዎን ሲቀይሩ ይሽሩታል። ልጆቹ ደግሞ እርስዎ ሲያርፉ የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዘው ባለቤትነታቸውን ያሳያሉ፤ ለቤቱ ሲባል ፕሮቤት መክፈት አያስፈልጋቸውም። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለውን ዲድ ሲያስመዘግቡ የሌላው ዲድ ዓይነት የምዝገባ ታክስም አታስከፍልበትም፤ የሚከፈለው የጽሕፈት ቤቱ መጠነኛ ክፍያ ነው።

ይህን ከእነዚያ እናቶች ምክር ጋር ያስተያዩት። የልጅዎን ስም ዛሬ ዲዱ ላይ ሲያስገቡ ዛሬ ሰጧት ማለት ነው፤ ያንን ያለ እሷ ፊርማ መልሰው መውሰድ አይችሉም። አንድ እናት ያጋጠማቸውን ልንገርዎ፣ ማንነታቸው እንዳይታወቅ አድርጌ። ልጃቸውን ዲዱ ላይ አስገቡት። ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቱን አልበደለም። የከፈተው ንግድ ከሰረና አበዳሪ ከሶ ፈረደበት፤ ፍርዱም ካውንቲው መዝገብ ላይ ሲገባ በልጁ ድርሻ ላይ ተለጠፈ። እኚያ እናት ብድራቸውን ለማስተካከል ባንክ ሄደው ነው የሰሙት። ቢሮዬ ሲመጡ የተላከላቸውን ፖስታ ሳይከፍቱ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውት ነበር። የራሳቸውን ቤት ለማስለቀቅ የልጃቸውን ዕዳ ከፈሉ። ፍቺም ቢሆን፣ የመኪና አደጋ ክስም ቢሆን በዚያው በር ነው የሚገባው። በቲኦዲ ዲድ ላይ ስሙ የተጻፈ ልጅ ግን እርስዎ በሕይወት ሳሉ በቤቱ ላይ ምንም መብት ስለሌለው የእሱ አበዳሪ ሊደርስበት አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳት ታክስ ነው። በስጦታ የተሰጠ ቤት የሰጪውን መነሻ ዋጋ፣ ማለትም ሲሸጥ ትርፉ የሚሰላበትን ዋጋ፣ ይዞ ነው የሚሄደው። በሞት የተላለፈ ቤት ግን መነሻ ዋጋው ባለቤቱ የሞተበት ቀን የገበያ ዋጋ ይሆናል። በቁጥር እናስቀምጠው። በ160,000 ነው የገዛችሁት፤ የእርስዎ ግማሽ 80,000 ነው። ባለቤትዎ ሲያርፉ የእሳቸው ግማሽ መነሻ ዋጋው በዚያን ጊዜው ገበያ ተስተካክሏል፤ ቤቱ ያኔ 540,000 ያወጣ ነበር ብንል ግማሹ 270,000 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 350,000 ይሆናል። ቤቱን ለልጅዎ በስጦታ ሰጥተዋት እሷ በ640,000 ብትሸጠው፣ ካልኖረችበት በ290,000 ትርፍ ላይ ካፒታል ጌይን የሚባለውን የሽያጭ ትርፍ ታክስ ትከፍላለች፤ በ15 በመቶ የፌዴራሉ ብቻ 43,500 ዶላር ነው፣ የቨርጂኒያው ሳይቆጠር። በቲኦዲ ዲድ ደርሷቸው ሦስቱ በዚያው ዋጋ ቢሸጡት የሚታክስ ትርፍ አይኖርም። ስጦታውን እንዴት እንዳደረጉት የሚለያዩ ጉዳዮች አሉ፣ መሠረቱ ግን ይህ ነው። የፌዴራል የውርስ ታክስ ለዚህ መጠን ንብረት አይደርስዎትም፤ ቨርጂኒያም የራሷ የውርስ ታክስ የላትም።

ወረቀቱ ቀላል ነው፤ ፎርሙ ራሱ በሕጉ ውስጥ ታትሟል። ግን ቀላል በመሆኑ ነው ሰው የሚዘናጋበት። በዚህ ሥራ ካየሁት ሁሉ ከልቤ የማይወጣው አንድ ወረቀት ነው። አንዲት እናት ቲኦዲ ዲዳቸውን አስጽፈው፣ ኖተሪ ፊት ፈርመው፣ ወደ ቤት ይዘውት ሄዱ። አርባቸው ከወጣ በኋላ ልጆቻቸው ዳዊታቸው ውስጥ፣ ለአራት ታጥፎ አገኙት። የኖተሪው ማኅተም ምንም አልደበዘዘም። ፊርማቸውም የሳቸው መሆኑን የካደ ሰው የለም። ግን ሳይሞቱ በፊት ስላልተመዘገበ ወረቀቱ ምንም አልነበረም። እንዲያ አድርገው ያሰቡላት የወንድማቸው ልጅ፣ አብራቸው ኖራ ያስታመመቻቸው፣ ያለ ምንም ቀረች። እባክዎ፣ ከኖተሪው ቀጥታ ወደ ክለርኩ ይሂዱ። ተመዝግቦ ቁጥር ሲሰጠው ነው ሥራው ያለቀው።

መሻሩም እንዲሁ ነው። ቀድደው ቢጥሉት አይሻርም። በኋላ ኑዛዜ ጽፈው «ቤቱን ለእገሌ» ቢሉ ኑዛዜው የተመዘገበውን ቲኦዲ ዲድ አያሸንፍም። የሚሽረው ኖተሪ ፊት የተፈረመና በሕይወት ሳሉ የተመዘገበ ሌላ ወረቀት ብቻ ነው።

ሲጽፉት «ለልጆቼ» ብለው አይጻፉ። በሕጉ ቋንቋ ያ ቃል የባለቤትዎን ልጅ ላያካትተው ይችላል፤ ሁሉንም በየስማቸው ይጥሩ። ስም ላይ ደግሞ የኛ ሰው የተለየ ጣጣ አለበት። የእርስዎ የመጨረሻ ስም የአባትዎ ነው፣ የልጆችዎ የመጨረሻ ስም የአባታቸው ነው፤ ለፈረንጁ ክለርክ ዘመድ አትመስሉም። «ኃይለማርያም» አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ተከፍሎ፣ ሦስተኛው ላይ ፊደሉ ተቀይሮ ይገኛል። የእርስዎን ስም በ1999ኙ ዲድ ላይ እንዳለው አንድ ፊደል ሳያጎድሉ ይጻፉት፤ ዜግነት ሲወስዱ ስም ቀይረው ከሆነ ሁለቱንም ስሞች ያስገቡ። የልጆቹን ስም ከነአያት፣ በፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው ይጻፉ። የትውልድ ቀናቸውን ግን አያስገቡ፤ መዝገቡን ማንም ሰው ከፍቶ ያነበዋል።

ከልጆቹ አንዱ፣ አያድርገውና፣ ከእርስዎ ቢቀድምስ? ድርሻው ለልጆቹ ይሁን ወይስ ለቀሩት ወንድምና እህቱ፣ ፎርሙ ላይ ተተኪ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ባዶ አይተዉት። የልጅ ልጅዎ ገና ሕፃን ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ስሙን አያስገቡ፣ ንብረቱን የሚያስተዳድርለት ሰው በሕጉ አግባብ ተሰይሞ ይጻፍ።

አዲስ አበባ ያለው ልጅ የአሜሪካ ዜጋ አለመሆኑ ቤት ከመውረስ አያግደውም። ሲሸጥ ግን የሚገጥመውን ከአሁኑ ይወቀው። ባለድርሻው የውጭ ሰው ሲሆን፣ በፌዴራል ሕግ፣ በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ቤት ላይ ገዢው ከእሱ ድርሻ 15 በመቶ ቀንሶ ለአሜሪካ ገቢዎች ይልካል። ቤቱ በ640,000 ቢሸጥ የእሱ ሲሶ 213,333 ነው፤ ተይዞ የሚቀረው 32,000 ዶላር ነው። ይህ ቅድሚያ የተያዘ ገንዘብ እንጂ የጠፋ አይደለም። ትርፍ ከሌለው የታክስ ፎርም ሞልቶ ያስመልሳል፤ እስከ ሽያጩ ቀን ድረስ ካመለከተ ደግሞ የሚያዘውን ማስቀነስ ይችላል። ለሁለቱም የታክስ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል፣ እሱም ጊዜ ይወስዳል። የሽያጭ ወረቀቱን አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ኖተሪ ፊት መፈረም ይችላል። ይህን ያልነገሩት ልጅ 32,000 ዶላር ሲጎድልበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው እህቶቹንና ወንድሞቹን ነው። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ቤቱ ላይ ብድር ካለ ብድሩ ከቤቱ ጋር ይተላለፋል፤ ቲኦዲ ዲድ ዕዳ አያጠፋም። ባለቤቱ ሲሞት ቤቱ ለዘመድ ተላልፎ ያ ዘመድ ከኖረበት ግን ባንኩ «ተበዳሪው ስለሞተ ሙሉውን አሁኑኑ ክፈሉ» ማለት አይችልም፤ ከ1982 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። ሌላ ዕዳ ትተው ቢያርፉና የተቀረው ንብረትዎ ባይበቃም አበዳሪው ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ታይትል ኩባንያዎች (ቤት ሲሸጥ ባለቤትነቱን የሚያጣሩት) ጥያቄ ያበዛሉ። ከ55 ዓመት በኋላ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን) የነርሲንግ ሆም ወጪ ከሸፈነለት ሰው ስቴቱ ገንዘቡን ከውርሱ እንዲጠይቅ የፌዴራል ሕግ ያዛል። እርስዎ ያንን የሚጠቀሙ ወይም የሚያስቡት ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት ይንገሩኝ፤ ምክሩ ሊለወጥ ይችላል።

ይህ ወረቀት የሚሠራው ሲሞቱ ብቻ ነው። ቢታመሙና መወሰን ቢያቅትዎ ምንም አያደርግልዎትም። ለዚያ «ዱረብል ፓወር ኦፍ አተርኒ» የሚባለውን ውክልና አብረው ያዘጋጁ። ለባንክ ሒሳብዎና ለዕቃዎ ደግሞ አጭር ኑዛዜ ያስፈልግዎታል። ትረስት (ንብረትን በአስተዳዳሪ እጅ ለወራሾች የሚያስይዝ ሰነድ) ይሻላል የሚሉዎት ይኖራሉ። አካል ጉዳት ኖሮበት የመንግሥት ድጋፍ የሚቀበል ልጅ ካለ፣ በሁለት ስቴት ቤት ካለ፣ ወይም «እስከዚህ ዕድሜ ድረስ አይሸጥ» የሚል ሐሳብ ካለ እኔም ትረስት ነው የምለው። ለአንድ ቤትና ለሦስት ዐዋቂ ልጆች ግን ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስከፍል ትረስት አስፈላጊ አይመስለኝም። ድንበር ማዶ ያለው ዘመድዎ ደግሞ የእርስዎን መንገድ እንዳለ አይገልብጥ፤ ዲሲ ቲኦዲ ዲድ አለ፣ ሜሪላንድ ግን ጠበቆች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የኖሩት «ላይፍ ኢስቴት» የሚባለውን ሌላ ዓይነት ዲድ ነው። አገር ቤት በስምዎ ቤት ካለም የቨርጂኒያው ወረቀት አይነካውም፤ እሱ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በኑዛዜና በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ነው የሚሄደው።

ሦስቱ ሲወርሱ እኩል የጋራ ባለቤት ይሆናሉ። አንዱ እንሽጥ፣ አንዱ ልኑርበት ሲል ነው ነገር የሚነሳው፤ ማንኛቸውም ፍርድ ቤት ሄደው ቤቱ ይከፋፈልልኝ ማለት ይችላሉ። ስለዚህ ሕጉ ባያስገድድዎም ሦስቱንም በአንድ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ያለውን በስልክ አገናኝተው፣ ያደረጉትን ይንገሯቸው። ለቅሶ ላይ ከክለርክ ቢሮ ከሚሰሙት ከእርስዎ አንደበት ቢሰሙት ይሻላል። ወደ ኖተሪው ሲሄዱ ግን ከልጆቹ አንዱም አብሮዎት አይግባ፤ የዕድርዎ ሰው ወይም ጎረቤት ያድርስዎ። በኋላ «እናቴን አስገድዳት ነው» የሚል ክስ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ መኪናውን የነዳው ልጅ ላይ ነው።

አሁን የታክስ ወረቀቱን አይተው ካውንቲዎን ይለዩ፣ የ1999ኙን ዲድ ቅጂ ያውጡ፣ ከሁለታችሁ ስም በኋላ ያለውን ሐረግ ቃል በቃል ገልብጠው ይላኩልኝ። ፎርሙን ከዚያ በኋላ ነው የምንሞላው።